‹ወተቴ አልበቃውም› ለምትል እናት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የዚህ እትም የጤና ዐምዳችን ስለ ጡት ማጥባት በደረሱን ደብዳቤዎች ላይ ያተኩራል። ከጸሐፊዎቹ መካከል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አርሶ አደር አባት፣ በዐረብ አገር የምትኖር እኅት፣ ቄስና አያት ይገኙበታል። መልሱን ያዘጋጁልን በገጠር ጤና ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል፤ የጠያቂዎቹም ስም እንዳይጠቀስ ተደርጓል።

ጥያቄ፦ በደቡብ ወሎ በአንድ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በእርግዝና ክትትልም ሆነ በቡና ጠጡ ውይይት ላይ እናቶችን ስለ ጡት ማጥባት አስተምራለሁ፤ ስጠይቃቸውም ‹እስከ 6 ወር ጡት ብቻ› ብለው በቃላቸው ይመልሱልኛል። ቤት ለቤት ስሄድ ግን ሁለትና ሦስት ወር ለሆናቸው ሕፃናት ውሃ፣ የአብሽ ውሃና የላም ወተት ሲሰጥ አገኛለሁ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ ሁሉም ‹ወተቴ አልበቃውም፣ ያለቅሳል› ይሉኛል። ትምህርቴ የጎደለው የት ላይ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እናቶቹ በቃላቸው የሚመልሱልዎ ከሆነ ትምህርትዎስ ደርሷቸዋል። እኔ እንደማየው ጉድለቱ ያለው ከትምህርቱ በኋላ በሚመጡት ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ከ6 ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት ውስጥ 58 በመቶው ጡት ብቻ እንደሚጠቡ አሳይቷል። በዚህ ቁጥር ውስጥ ግን አንድ ቁልቁለት ተደብቋል። 2 ወር ያልሞላቸውን ለይተን ብንወስድ ጡት ብቻ የሚጠቡት 74 በመቶ ነበሩ፤ በ2 እና በ3 ወር ዕድሜ ላይ ያሉት 64 በመቶ ሲሆኑ፣ 4 እና 5 ወር የሆናቸው ደግሞ 36 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ አብዛኛዋ እናት በደንብ ትጀምራለች፤ የሚያስቆማት መንገድ ላይ የሚገጥማት ነገር ነው፤ ከሚገጥሟትም ሁሉ የሚብሰው እርስዎ የጻፉልን ጥርጣሬ ነው።

ሕፃን የሚያለቅሰው ስለ ራበው ብቻ አይደለም። ሲበርደው፣ ሽንቱ ሲያረጥበው፣ ሆዱ ሲነፋው፣ መታቀፍ ሲያምረውም ያለቅሳል፤ በፍጥነት በሚያድግባቸው ቀናትም ቶሎ ቶሎ መጥባት ይፈልጋል። ወተቱ ይብቃው አይብቃው የሚነግሩን ሌሎች ምልክቶች ናቸው። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ በተወለደ በሁለት ሳምንቱ ግድም በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀነሰውን ክብደት የመለሰ፣ ከዚያም በኋላ በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ መስመሩ ወደ ላይ የሚሄድ ሕፃን ወተቱ በቅቶታል። በጤና ኬላዎ ያለው ሚዛን እዚህ ላይ ትልቅ ጉልበት አለው። ሕፃኑን እናትየዋ ባለችበት፣ ከተቻለም አማቷ ባሉበት መዝነው መስመሩን በጣትዎ እየተከተሉ ቢያሳዩአቸው ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ከዚህ ጋር አብሮ መነገር ያለበት የወተቱ አሠራር ነው፤ ይህን ብዙ ጊዜ በችኮላ እናልፈዋለን። ጡት ወተት የሚሠራው በተጠባው ልክ ነው። የእናት ጡት ወተት ከመቶ 88 እጅ ያህሉ ውሃ በመሆኑ በቆላው በጋ እንኳ ሕፃኑ ሌላ ውሃ አያስፈልገውም፤ ውሃ ሲሰጠው ግን ትንሿ ሆዱ ስለምትሞላ የሚጠባው ይቀንሳል፣ ጡቱም ያንኑ ዐይቶ የሚሠራውን ይቀንሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ መጀመሪያ ላይ እውነት ያልነበረው ‹ወተቴ አልበቃውም› እውነት ሆኖ ይገኛል፤ እናትየዋም ‹ብዬ አልነበር?› ትላለች። ይህ ዙር የሚሰበረው ደጋግሞ በማጥባት ነው፤ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በተለይም የሌሊቱን ሳይተዉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቤት ለቤት ሲሄዱ የቤተሰቡን የጤና መረጃ የሚይዘውን የቤተሰብ ፎልደር ከመሙላትዎና ምክር ከመጀመርዎ በፊት እናትየዋ ልጇን እንድታጠባ ይጠይቋትና አጠገቧ ተቀምጠው ዝም ብለው ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚያዩት እንዲህ ያለ ነገር ነው። እናትየዋ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወደ ልጇ ጎብጣለች፤ ዓይን እንዳይበላው ነጠላዋን ስለጣለችበት የልጁ አፍ አይታያትም፤ ልጁ በጀርባው ተንጋሎ አንገቱን ወደ ጎን ጠምዝዟል፤ አፉ ውስጥ የገባው የጡቱ ጫፍ ብቻ ነው። በሚጠባበት ጊዜ ጉንጩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፉም ጧ ጧ ይላል። እናትየዋ ሕመሙን ለመቻል ጥርሷን ነክሳለች። ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቢጠባ አይጠግብም፤ የጡቷም ጫፍ በሳምንት ውስጥ ይሰነጠቃል።

የሚያስተካክሉትም እዚያው ነው። ጀርባዋን ግድግዳ ላይ እንድታስደግፍ፣ ክንዷ ሥር የታጠፈ ጋቢ እንዲገባላት ያድርጉ። የልጁ ሆድ ከእሷ ሆድ ጋር ይገናኝ፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፤ እሷ ወደ ልጁ አትጎንበስ፣ ልጁን ወደ ጡቷ ታምጣው። የጡቷን ጫፍ ከላይኛው ከንፈሩ ጋር አነካክታ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ትጠብቅና በዚያች ቅጽበት ታጉርሰው። በትክክል ሲጎርስ አፉ በሰፊው ይከፈታል፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ አገጩ ጡቱን ይነካል፤ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍልም ከታች ይልቅ ከላይ በኩል ያለው በብዛት ይታያል። ከዚያ በኋላ ያ ጧ ጧታ ይጠፋና ረጋ ያለ፣ መሐል መሐል ላይ ዐረፍ የሚል መጥባትና የመዋጥ ድምፅ ይሰማሉ። ካልሆነላት ትንሽ ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ጡቱን ታውጣና እንደገና ትሞክር። ይህን በአሻንጉሊት ማሳየት የሚበዛን ባለሙያዎች አለን፤ አሻንጉሊት ግን አንገቱን አይጠመዝዝም፣ አይናደድምም፤ ስለዚህ እናትየዋ በገዛ ልጇ እየሞከረች እጅዎ አጠገቧ መሆኑ ይበልጣል።

አማቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ለሕፃኑ ውሃ በስኳር፣ ቅቤ ወይም አብሽ የሚሰጡት ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ አራሷን የሚያበሏት፣ ሌሊት የሚነሡላት፣ ልጁን የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። ‹ጎጂ ልማድ› ብለን ከዘለፍናቸው በሩ ይዘጋብናል፣ ቅቤውም እኛ ስንወጣ ይሰጣል። እኔ የምለው አብሹም ቅቤውም በእናትየዋ ገንፎና አጥሚት ላይ ይዋል ነው፤ ይህን ሲሰሙ ስቀው የሚቀበሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። እንገሩንም እንዳያስወጡ፣ ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጠባው በእርግዝናው ወራት ከእነሱ ጋር ተነጋግሮ መጨረስ ይቻላል።

የሚሄዱበት ጊዜም ያደረጉትን ምክር ያህል ይወስናል። መመሪያው ከወሊድ በኋላ በ24 ሰዓት፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት እንድንጠይቃት ያዛል። እናትየዋ በጤና ጣቢያ ብትወልድም አንድ ቀን ቆይታ ትወጣለች፤ ወተቱ በብዛት የሚወርደውና ጡቱ አጋቶ የሚወጠረው ግን ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። አዋላጇ ያላየችውን ይህን ሰዓት ሊያዩት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ከአራቱ ጉብኝቶች አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆንብኝ የ3ኛውን ቀን እመርጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ሕፃኑ ለክትባት ራሱ ወደ እርስዎ ይመጣል። 14ኛው ሳምንት ከላይ የጠቀስኩት ቁልቁለት ከመበርታቱ በፊት ያለ ቀን ነው። በክትባት ቀን ሰልፉ እንደሚረዝም ዐውቃለሁ፤ ቢሆንም ‹ከጡት ሌላ ምን ቀመሰ?› የሚለውን ያለ ወቀሳ መጠየቅና ‹ምንም› ያላለችውን እናት ለጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይቻላል።

ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ባለበት ቀበሌ ሁለት ሆናችሁ ሁሉንም ቤት ልትደርሱ አትችሉም። ስለዚህ ይምረጡ፤ የበኩር ልጇን የወለደችውን፣ መንታ ያላትን፣ በኦፕራሲዮን የተገላገለችውን፣ ልጇ ትንሽ ሆኖ የተወለደውን፣ በመጀመሪያው ጉብኝት ‹አልበቃውም› ብላ የጀመረችውን ያስቀድሙ። ሌሎቹን የሴቶች ልማት ቡድን መሪዎች ይከታተሉልዎ፤ እነሱንም ‹አስተምሩ› ብለው ከሚልኳቸው ይልቅ ‹ማን እንደወለደችና ማን ጡቷን እንዳመማት ንገሩኝ› ብለው ቢጠይቋቸው ሥራው ይቀልላቸዋል፣ ለእርስዎም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ባለቤቴ ከተገላገለች ሦስት ወር ሆናት። አጨዳ ስለደረሰ ከእኔ ጋር ማሳ ልትውል ነው፤ ልጁን እናቴ ይይዙልናል፣ የላም ወተትም አለን። ጤና ኬላ ያሉት ልጆች ግን ‹የላም ወተት እንዳትሰጡት› አሉን። እህሉ ዝናብ ሊመታው ነው፤ ታዲያ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በግልጽ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ ብዙ ቤት ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው። የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ በመሆኑ ለሦስት ወር ሕፃን አንጀትና ኩላሊት ይከብደዋል፤ በጡጦ ሲሰጥ ደግሞ ጡጦውን በደንብ ማጽዳት በቤታችን ሁኔታ አስቸጋሪ ስለሆነ ተቅማጥ ያመጣል። የጤና ኬላዎቹ ምክር ትክክል ነው፤ ግን ምክሩ ብቻ እህሉን እንደማያጭድልዎ ይገባኛል።

ማሳው ቅርብ ከሆነ እናትዎ ልጁን ይዘው ጥላ ሥር ይዋሉና ባለቤትዎ በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ወጣ እያለች ታጥባው። ሩቅ ከሆነ ወተቷን አልባ ትተውለት። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በደንብ በታጠበና በፈላ ውሃ በተለቀለቀ ክዳን ባለው ዕቃ ላይ፣ አውራ ጣቷን ከጠቆረው ክፍል በላይ ሌሎቹን ጣቶቿን ከበታቹ አድርጋ፣ መጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ ከዚያም ጨመቅ እያደረገች ትለብ። ጫፉን መሳብ ያማል እንጂ ወተት አያወጣም። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ጥቂት ቢሆን አትደንግጥ፤ ሲለምድ ይጨምራል። የታለበው ወተት ቀዝቀዝ ባለ የቤቱ ጥግ ተከድኖ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ሳይፈላ፣ በንጹሕ ስኒ፣ ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ ስኒውን ከታችኛው ከንፈሩ አስጠግቶ እሱ በምላሱ እየላሰ እንዲጠጣ ማድረግ ነው፤ አፉ ውስጥ አይገልበጥበት። እናትዎ ይህን አንዴ ከተለማመዱት ከጡጦ ይልቅ ይቀላቸዋል። ባለቤትዎ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት፣ ማታ እንደገባችና ሌሊቱን በሙሉ ካጠባችው ወተቷ አይጎድልም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ከማሳ መልስ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እንጀራ መጋገር የሚጠብቃት ከሆነ ማታ ለማጥባት አቅም አይኖራትም። የመንግሥትም ሆነ የድርጅት ተቀጣሪ የሆነች ሴት የወሊድ ፈቃድ አላት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለድርጅት ተቀጣሪዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣታል። የአርሶ አደር ሚስት ይህን ፈቃድ የሚሰጣት ቤቷ ብቻ ነው። ስለዚህ ለዚህ አጨዳ ደቦ መጠየቅ ወይም ውሃውን በአህያ እርስዎ ማምጣት ቢችሉ የምጠይቅዎ ይህንን ነው። ‹ወንድ ልጅ ውሃ ቀዳ› ብለው የሚስቁ ጎረቤቶች አይጠፉም፤ እነሱም ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት የሚያመላልሱት እርስዎ መሆንዎን ዘንግተውት ነው። ወረዳዎ በሴፍቲኔት የታቀፈ ከሆነና ቤተሰብዎ ተጠቃሚ ከሆነ ደግሞ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሕዝብ ሥራው ወጥታ ልጇ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላው በጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ (ሥራ ሳትሠራ ድጋፉን በምታገኝበት መንገድ) እንድትያዝ መመሪያው ስለሚያዝ፣ ከጤና ኬላ ማስረጃ ይዘው ለቀበሌው ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ከጅዳ ነው የምጽፈው። እኅቴ ወሎ ገጠር ውስጥ መንታ ወልዳለች። ‹ለሁለት አይበቃም› ስላሉኝ የዱቄት ወተት በሰው ልልክላት ነው። የትኛው ዓይነት ይሻላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ልብሽ ስለተጨነቀላት እግዜር ይስጥሽ፤ ነገር ግን ቆርቆሮውን ከመግዛትሽ በፊት ይህን አስቢበት። ሁለት ልጆች ሲጠቡ ጡቱ ሁለት እጥፍ ስለሚታለብ ለሁለት የሚበቃ ወተት ይሠራል፤ መንታዎቻቸውን በጡት ብቻ ያሳደጉ ብዙ የገጠር እናቶች አሉ። የዱቄት ወተት በደንብ እንዲሠራ ውሃው መፍላትና ከ70 ዲግሪ በታች ሳይበርድ ዱቄቱ መጨመር አለበት፤ ዕቃው በየጊዜው መቀቀል፣ የተረፈው መደፋት አለበት። ለሁለት ሕፃን በቀን ከአሥር ጊዜ በላይ ይህን ሁሉ፣ ከምንጭ በተቀዳ ውሃና በእንጨት እሳት፣ ከተገላገለች ሳምንታት ባልሞላት ሴት ላይ መጫን ነው። ከዚያ ደግሞ ቆርቆሮው ወደ ማለቁ ሲል ‹ሌላው እስኪመጣ› ተብሎ ሁለት ማንኪያ የነበረው አንድ ይሆናል፤ ልጆቹ ነጭ ውሃ ይጠጣሉ፣ እስከዚያ የእናታቸውም ጡት ቀንሷል።

የዱቄት ወተት መርዝ አይደለም። እናቱ የሞተችበት ወይም ሐኪም በበቂ ምክንያት ያዘዘለት ሕፃን አለ፤ ለዚያ በሐኪም ክትትል ይሰጣል። ለእኅትሽ ግን በዚያው ገንዘብ ለጥቂት ወራት እንጨትና ውሃ የምታግዛት ልጅ ቢቀጠርላት፣ ለራሷ እንቁላል፣ ምስርና ዘይት ቢገዛላት፣ መንታዎቹን ለክብደት ክትትል የምትወስድበት መጓጓዣ ቢከፈልላት ወተቱ በእርግጥ ይጨምራል። የምታጠባ እናት በቀን ሁለት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ መንታ ለምታጠባ ደግሞ ይህ ከሁሉ ዝቅተኛው ነው። ማታ ማታ ስትደውይላትም ‹ወተቱ አነሰሽ ወይ?› ብለሽ አትጠይቂያት፤ ሰው ሁሉ ሲጠይቃት ውሎ ነው። ‹ስንት ጊዜ ሸኑ? ሚዛን ላይ ወጡ?› በያት። ልጆቹ ከ2 ኪሎ በታች ሆነው ተወልደው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እናትየዋ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ የማሞቅ እንክብካቤ ሊደረግላቸው ስለሚገባ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውለሽ አጣሪ።

ጥያቄ፦ የገጠር ደብር አገልጋይ ቄስ ነኝ። ከንስሐ ልጆቼ ውስጥ የሚያጠቡ እናቶች በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾሙ አያለሁ። ጤናቸውን ይጎዳል?

መልስ፦ አባታችን፣ የቀኖናውን ነገር ለእርስዎ እተዋለሁ፤ በጤናው በኩል ግን ይጎዳል። እናትየዋ ስትራብ ወተቷ ወዲያው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የራሷ ሥጋና ደም ነው፤ ደሟ አንሶ፣ ዐቅሟ ደክሞ ለሚቀጥለው እርግዝና ትደርሳለች። የጾሙ ምግብ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጎመን ሁሉም ይጠቅማሉ። ችግሩ ሰዓቱና መጠኑ ነው። ስለዚህ ማርፈድ እንደሌለባት ከእርስዎ አፍ ብትሰማ ከእኛ ምክር ይበልጥ ይቀላታል፤ እኛ ስንነግራት ኃጢአት የመሰላትን ነገር እርስዎ ሲፈቅዱላት በሰላም ትበላለች። አንድ ነገር ደግሞ ልለምንዎ። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ አማት፣ አባት፣ የክርስትና እናት ሁሉም ይሰበሰባሉ፤ በዚያች ዕለት ‹ልጁ እስከ 6 ወር ሌላ አይቅመስ፣ እናቱም ከባድ አትሸከም› የሚል አንድ ቃል ቢያክሉልን የእኛን ሥራ ያግዛሉ። በሙስሊም ወረዳዎችም ኢማሞች የምታጠባ እናት የረመዷንን ጾም አዘግይታ እንድታወጣ ሸሪዓው እንደሚፈቅድላት ሲያስተምሩ ውጤቱን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የኤች.አይ.ቪ ቫይረስ በደሜ ውስጥ አለ፤ መድኃኒቱን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ። ልጄን ላጥባ ወይስ ልተው?

መልስ፦ አጥቢ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሁሉ ምርመራው እንደታወቀ መድኃኒት ዕድሜ ልክ እንዲጀመርላት አድርጋለች፤ መድኃኒቱ በትክክል ሲወሰድ ቫይረሱ በጡት የመተላለፍ ዕድሉ በጣም ዝቅ ይላል። የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ጡት ብቻ ስጪው፤ ውሃም ሆነ ሌላ ወተት ማደባለቅ አንጀቱን ስለሚያቆስል ለአንቺ ልጅ ከሌላው ይበልጥ አደገኛ ነው። ለሕፃኑ የታዘዘለትን የመከላከያ ሽሮፕ አታቋርጪ፣ በ6ኛው ሳምንትም ደሙን አስመርምሪለት። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየሰጠሽ ማጥባቱን ቀጥዪ፤ መቼ እንደምታቆሚ ከክትትል ክፍልሽ ጋር ወስኚ። የጡትሽ ጫፍ ከቆሰለ ወይም ጡትሽ መግል ከያዘ ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ጥያቄ፦ እያጠባሁ ከሆነ አላረግዝም ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ከተሟሉ እውነት ነው፤ ልጁ 6 ወር ካልሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ከሆነ የሚጠባው፣ የወር አበባሽም ካልተመለሰ። ሦስቱ ሲሟሉ ከመቶ 98 እጅ ይከላከላል። አንዱ ሲጎድል ግን አትተማመኚበት፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ወተት ስለማይቀንስ እያጠባሽም ከጤና ኬላው ልታገኚው ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስታነብልኝ ነው የማስጽፈው። የልጅ ልጄ በተወለደ በ10 ቀኑ ጡት አልይዝ አለ። ጎረቤት ‹እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ› አሉን። ልጄ ደግሞ እምቢ አለች። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ እማማ፣ ደብዳቤዎ እንደደረሰን ዝግጅት ክፍሉ ስልክ ደውሎልዎታል፤ ለሌሎች አያቶች ስንል ግን እዚህም እንመልሰው። ልጅዎ ትክክል ናት። ደህና ይጠባ የነበረ ሕፃን በድንገት ጡት አልይዝ ሲል ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው በደሙ የገባ ኢንፌክሽን ነው። እንጥሉን መቁረጥ ለዚያ ኢንፌክሽን ሌላ በር ይከፍትለታል፣ ደምም ያፈስሰዋል፤ ከሁሉም በላይ ሕክምና ሊያገኝ የሚችልበትን ሰዓት ይበላዋል። ጡት ማጥባት ላይ ካለው ችግር ሁሉ ነገ የማይባልለት ይኸ ነው። ከአለመጥባቱ ጋር ትኩሳት ወይም የገላ መቀዝቀዝ፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ የሚሆን ፈጣን ትንፋሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ ወይም ካልነኩት አለመንቀሳቀስ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ይነሡ። በአፉ ውስጥ ነጭ ነገር ብቻ ከታየና ሌላው ደህና ከሆነም ጤና ኬላ ይታይ፤ በመድኃኒት የሚድን ነው።

መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይደውሉ፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን የመድኃኒት መጠን ሰጥተው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ተምረዋል፣ አምቡላንስም እንዲጠራ ያደርጋሉ። እናቱ አብራው ትሂድ። በመንገድ ላይ ልብሱን አውልቀው በእናቱ ጡቶች መሐል ገላ ለገላ ያድርጉትና በላዩ ጋቢ ይደርቡ፤ ራሱንም ይሸፍኑለት። መሳብ ከቻለ ታጥባው፤ መሳብ ካቃተው ግን መዋጥ የሚችል ከሆነ የታለበውን ወተት በስኒ በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት፤ መዋጥም ካልቻለ ወይም ከተንቀጠቀጠ በአፉ ምንም አያድርጉለት፣ ጤና ጣቢያው በቱቦ ይመግበዋል። እናቱም በዚህ መሐል ጡቷ እንዳይነጥፍ በየሦስት ሰዓቱ ትለብ።